ከከተማ ዳር ሆኖ ታንክ መንዳት፦ ዎርልድ ኦፍ ታንክስ፣ ዋር ተንደር ወይስ ብሊትዝ?

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ሆኖ የታንክ ጌም ሊጀምር ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። የኮምፒውተሮቹ ዎርልድ ኦፍ ታንክስና ዋር ተንደርም፣ የዎርልድ ኦፍ ታንክስ የስልክ ስሪት የሆነው ብሊትዝም ሲጫኑ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚያስከፍላችሁ ጊጋው ነው፤ መጀመሪያ ሲወርድ በብዛት፣ ከዚያ በየአፕዴቱ ደጋግሞ። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የሰፈራችን ኔትወርክ የትኛውን ይችላል?» የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ታንክ ሲመታ ምን እንደሚሆን ጌሞቹ ከሚያሰሉበት መንገድ ይጀምራል።

ዎርልድ ኦፍ ታንክስን ዋርጌሚንግ የተባለው ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። 15 ለ15 ይገጠማል። እያንዳንዱ ታንክ የተወሰነ ላይፍ አለው፤ ብረቱን የበሳ ጥይት ከዚያ ላይ ይቀንሳል፤ ዜሮ እስኪገባ ድረስ ታንኩ ይሄዳል፣ ይተኩሳል። የጥይቱ ጉዳትም የመብሳት አቅሙም በዕጣ እስከ 25 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ብዙ ንዴት የሚመጣው ከዚህች ዕጣ ነው።

ዋር ተንደር ውስጥ ላይፍ የሚባል ነገር የለም። ጥይቱ ብረቱን ከበሳ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ይረጫል። ተኳሹን አገኘ? አጉራሹን? የጥይት ክምችቱን? ጌሙ ይህን ሁሉ ያሰላል፤ የታንኩንም ሆድ ዕቃ እንደ ራጅ አውጥቶ ያሳያል። ክምችቱ ከተመታ በአንድ ምት አለቀ። ሾፌሩ ብቻ ከሞተ ሌላ ታንከኛ ቦታውን እስኪይዝ ባላችሁበት ትገተራላችሁ።

አሁን ወደ ኔትወርኩ እንመለስ። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት፣ ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ይዘልና ስክሪኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ስታክ ያደርጋል። በዎርልድ ኦፍ ታንክስ ያ ማለት አንድ ጥይት መቅመስ ነው፤ ላይፋችሁ ይቀንሳል እንጂ ጨዋታው ይቀጥላል። በዋር ተንደር ግን ቀድሞ ያየና ቀድሞ የተኮሰ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል፤ ስክሪኑ ሲመለስ እናንተ የላችሁም። የአውሮፓን ሰርቨር ብትመርጡም ርቀቱ ያው ርቀት ነው። ኢንተርኔቱ አስተማማኝ ላልሆነበት ቤት ዎርልድ ኦፍ ታንክስን የማስቀድመው በዚህ ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ የምወደው ሌላኛውን ነው።

የምወድበት ምክንያት ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ማምረት የተጀመረውን ቲ-34 ውሰዱ። የፊት ብረቱ ውፍረት 45 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ግን 60 ዲግሪ ወደ ኋላ ስለተጋደመ ፊት ለፊት የመጣ ጥይት 90 ሚሊሜትር ያህል ብረት ማለፍ አለበት። የጀርመኑ ታይገር ደግሞ 100 ሚሊሜትር የሚሆነውን የፊት ብረቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመ ሳጥን ነው፤ ስለዚህ ታንኩን ትንሽ አዙሮ ማቆም የነጂው ፋንታ ነው። ሁለቱም ጌሞች ይህን ያሰላሉ። ዋር ተንደር ላይ ግን ስህተቱ ወዲያው ስለሚገድል ትምህርቱ ቶሎ ይገባል።

ለእኛ ቅርብ የሆነም ነገር አለ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ሲቪ-33 ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ የሚሽከረከር ቱሬት (መሣሪያውን የሚሸከም አናት) የሌለው ትንሽ ተሽከርካሪ ነበር። መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ሲገጥመው፣ ከጎንና ከኋላ ለመጣበት ሰው መልስ አልነበረውም። የዚሁ ተሽከርካሪ ዝርያ፣ ኤል-3/33፣ በዋር ተንደር የጣሊያን መስመር (ታንኮቹ በተራ በሚከፈቱበት ዝርዝር) መጀመሪያ ላይ አለ፤ ጠላት ከኋላ ሲመጣ መላውን ተሽከርካሪ ለማዞር ስትታገሉ የዚያን ቀን ነገር ትንሽ ይገባችኋል። ዎርልድ ኦፍ ታንክስ ደግሞ የጣሊያንን መስመር በፊያት 3000 ይጀምራል። ይህ ታንክ መነሻው ሙሉ በሙሉ የሚዞር ቱሬት ይዞ በ1917 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው የፈረንሳዩ ሬኖ ኤፍቲ ነው፤ ከወረራው በፊት ኢትዮጵያም ጥቂት ፊያት 3000 ነበራት።

ወደ ኦጋዴን ጦርነት ስንመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። ያኔ በእኛ በኩል የአሜሪካኖቹ ኤም-41 እና ኤም-47፣ በሶማሊያ በኩል የሶቪየት ቲ-34 እና ቲ-54/55 ነበሩ፤ ሶቪየት ወገን ስትቀይር ቲ-55 ወደ እኛም መጣ። ኤም-41 እና ቲ-54 በሁለቱም ጌሞች አሉ። ቲ-72 የፈለገ ግን የኮምፒውተሩን ዎርልድ ኦፍ ታንክስ ይርሳ፤ እሱ ከዚያ ዘመን በፊት ይቆማል። ዋር ተንደር እስከ ዛሬዎቹ ታንኮች ይዘልቃል። እዚያ ለመድረስ የሚጠይቀው ጊዜ ግን ያስመርራል። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ተጫዋቾች ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ አሉታዊ አስተያየት አዥጎድጉደው ኩባንያው ጋይጂን የጥገና ዋጋውንና ሽልማቱን እንዲያስተካክል አስገድደውታል።

አፕዴቶቹም እንደ ባለቤቶቻቸው ጠባይ ናቸው። ዎርልድ ኦፍ ታንክስ በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በ1.0 ካርታዎቹን እንደ አዲስ ሠራ፤ ከዚያ በፊት በ2017 መድፈኞችን በአንድ ቡድን ከሦስት እንዳይበልጡ ገደበ፤ በ2025 ደግሞ በ2.0 በአሥሩ የታንክ ደረጃዎች ላይ አሥራ አንደኛ ጨመረ። ለአዲስ ገቢ ይህ መሰላሉ ረዘመ ማለት ነው። ዋር ተንደር በ2014 እ.ኤ.አ. ታንክ ካስገባ ወዲህ በዓመት ብዙ ጊዜ ትልልቅ አፕዴት ያወጣል፤ አውሮፕላኑም፣ መርከቡም፣ ሄሊኮፕተሩም አብሮ ይወርዳል። ታንክ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ጊጋ ነው። ስትጭኑ ሁለቱም ቀለል ያለውን ስሪት እንድትመርጡ ይፈቅዳሉ፤ ምረጡት።

ብሊትዝ ሌላ ዓለም ነው። 7 ለ7፣ ካርታው ጠባብ፣ አንዱ ግጥሚያ ቢበዛ 7 ደቂቃ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ የላፕቶፑ ታንክ ሜዳ መሃል ቆሞ ይቀራል፣ ጓደኞቹም ይሰድቡታል። ስልክ በባትሪና በሞባይል ዳታ ይጨርሳል። ጉድለቱ ከታሪክ ውጭ የሆኑ የፈጠራ ታንኮች መግባታቸው ነው፤ ታሪክ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ያበሽቃችኋል። ዋር ተንደርም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስልክ ስሪት አለው፤ ጠንካራ ስልክ ላለው ይሞከር።

ኢንተርኔቱ ጭራሽ የማይታመን ከሆነ ገነር፣ ሂት፣ ፒሲ የሚባለውን እዩ። አንዴ ተገዝቶ ለብቻ የሚጫወቱት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዝቃዛው ጦርነት መሃል ቲ-55ንም ቲ-72ንም ያስነዳል። ችግሩ ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው በብር ሲታሰብ ሌላ ነገር ሆኗል። በነፃዎቹ ጌሞች ውስጥ የሚሸጡ ፕሪሚየም ታንኮችም እንዲሁ፤ መሠረታዊውን ሳትለምዱ ስምንተኛ ደረጃ ታንክ መግዛት ብር ሰጥቶ በፍጥነት መሞት ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ አካውንትም አትግዙ፤ በኩባንያዎቹ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሲዘጋ የምትከሱት የለም።

ጌም ቤት ለመክፈት ለሚያስብ አንድ ነገር ልጨምር። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ዎርልድ ኦፍ ታንክስ ሞደርን አርመር አለ፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀዝቃዛው ጦርነት ታንኮችንም ይዟል። ግን ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን አያጫውትም። ፊፋ በአንድ ቴሌቪዥን ሁለት ልጅ ያስቀምጣል፣ ተሸናፊው ይከፍላል፣ ሦስተኛው ተራ ይጠብቃል። ታንኩ ላይ አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ ቆመው ያዩና ወደ ጎረቤት ጌም ቤት ይሄዳሉ።