ከወራት በኋላ የተለወጠብኝ ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ደሴ ፒያሳ የገዛሁት ባለ 2 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም። ግን ያን ጊዜ የገዛሁት ዲስክ ነው ለማለት ይከብደኛል። አዲስ እያለ ትልልቅ ፎልደር ሰጥቼው ቡናው ሳይፈላ ይጨርስ ነበር። አሁን ጥቂት ደቂቃ ይሮጥና መንፏቀቅ ይጀምራል።

ፋይል ኮፒ ሲደረግ ዊንዶውስ የሚያሳየውን አረንጓዴ ግራፍ ታውቁታላችሁ። የኔ ሲጀምር በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ይላል። ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ቁልቁል ይወርዳል። 40፣ 25፣ 15። አንዳንዴ ዜሮ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሞተ ብዬ ስደነግጥ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ሒሳቡን ሥሩት። 400 ጊጋ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ከሄደ በአንድ ሰዓት ያልቃል። በ15 ሜጋባይት ከሄደ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ሰባት ሰዓት ሌላ ቦታ ላለ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ማታ ጀምሮት ይተኛል። ደሴ ላይ ግን መብራት ለሰባት ሰዓት አይሄድም ብሎ መተማመን ከባድ ነው። የላፕቶፔ ባትሪም ደክሟል። ስለዚህ ሥራው መብራት እያለ ማለቅ አለበት። የሚንፏቀቅ ዲስክ ይዤ የማደርገው ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ግማሹ ላይ ይቋረጣል፤ ግማሽ ባካፕ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?

ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ የልጆች ቪዲዮ አለ። እነሱ ስልክ ላይም ይገኛሉ። እንቅልፍ የሚነሱኝ የአባቴ ካሴቶች ናቸው። አባቴ በቴፕ መቅዳት ይወድ ነበር። የመውሊድ ሌሊት መንዙማ፣ የጎረቤት ሠርግ፣ አጎቴ በክራር የሚጫወተው ባቲና አምባሰል፣ ሁሉንም ቀድቶ አስቀምጧል። እነዚህን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ አቋራጭ የለም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማስጫወት ይጠይቃል። ከድምፁ ምንም ሳይጥል በሚይዘው በዋቭ ሳስቀምጠው አንዱ ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በኤምፒስሪ ቢሆን ቦታው በጣም ያንስ ነበር። ነገር ግን ኤምፒስሪ ከድምፁ ላይ የሚጥለው ነገር አለ፤ የጣለውን በኋላ መመለስ አይቻልም። አንዳንዱ ካሴት ክሩ መጣበቅ ጀምሯል። አንዴ ከተጫወተ ሁለተኛ ይጫወታል ብዬ አልምልም። ከሚሰሙት ድምፆች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፆች ናቸው። ስለ ዲስኩ እንዲህ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ወደ ሻጩ ልምጣ። ስገዛ "አብሽሪ እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ዩኤስቢ 3.0 ስለሆነ በሰከንድ 5 ጊጋ ይጽፋል" ብሎኛል። ይህ በየሱቁ የሚባል ነገር ነው፤ ልክ አይደለም። 5 ጊጋ የተባለው የመስመሩ አቅም ነው። እሱም በቢት ነው፤ ቢት ከባይት ያነሰ መለኪያ ነው። ወደ ባይት ሲቀየር በሰከንድ ቢበዛ 500 ሜጋባይት ነው። ውስጡ የሚሽከረከረው ትንሽ ዲስክ የዚያን ሩብ ከጻፈ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ ሰዎች ሻጩን በማይመለከተው ነገርም ይወቅሱታል። 2 ቴራ ተብሎ ዊንዶውስ ላይ 1.81 ሲያሳይ ተታለልኩ የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ የተታለለ የለም። አምራቹ በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024።

ችግሬን ይዤ ስመለስ መልሱ ዝግጁ ነበር። "ላፕቶፕሽ አርጅቶ ነው።" የእህቴ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፤ ያው ነው። "ኬብሉ ይሆናል።" እውነት ነው፣ የነዚህ ዲስኮች ሰፊ መሰኪያ ቶሎ ይላላል። አዲስ ኬብል ገዛሁ፤ ያው ነው። "እንግዲያስ ቫይረስ ገብቶበታል።" ይህም እኛ አገር የተለመደ ነው፤ ፎልደሩን ሁሉ ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገውን የፍላሽ ቫይረስ ያልቀመሰ የለም። በአንቲቫይረስ ፈተሽኩት፤ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤናውን አየሁ። የተበላሸ ሴክተር አንድም የለም። ወንድሜ፣ ዲስኩ አልታመመም። ሲሠራም እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው። ይህን ነበር ብሬን ሳትቀበል በፊት ልትነግረኝ የሚገባህ።

አሠራሩ ኤስኤምአር ይባላል። በትንሽ ቦታ ብዙ መረጃ ለመያዝ ሲባል ዲስኩ ላይ የሚጻፉት መስመሮች አንዱ የሌላውን ጫፍ እየሸፈነ ይደረባል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አስቡ። ከመሃል አንዱን ለመቀየር በላዩ የተደረበውን ማንሳት ግድ ነው። ዲስኩም አንድ መስመር ለመቀየር አጠገቡ የተደረቡትን አንብቦ እንደገና ይጽፋቸዋል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አዲስ የመጣውን ፋይል መጀመሪያ ለብቻው በተተወ ፈጣን ቦታ ይቀበለዋል፤ ሥራ ሲፈታ ቀስ ብሎ ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውረዋል። ግራፉ የሚወድቀው ያ ፈጣን ቦታ ሲሞላ ነው። ዲስኩ ባዶ እያለ የሚነሳ ቆርቆሮ ስለሌለ ምንም አይታይም። ከሞላ፣ ከተሰረዘና እንደገና ከተጻፈበት በኋላ ነው ጉዱ የሚወጣው። ገዝተው በሳምንቱ "ምርጥ ነው" ብለው የሚጽፉትን አልፈርድባቸውም። እኔም በሳምንቱ ብጠየቅ እንደዚያው እል ነበር።

ሻጩ ይህን ላያውቅ ይችላል። አምራቾቹም ለረጅም ጊዜ አልተናገሩትም። ነገሩ በይፋ የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ዌስተርን ዲጂታል፣ ሲጌትና ቶሺባ አንዳንድ ዲስኮቻቸው በዚህ አሠራር እንደሚሠሩ ሳይገልጹ ሲሸጡ እንደነበር ያመኑት፣ ገዢዎች ዲስኮቻቸው ሲንቀራፈፉ አይተው ከጮኹ በኋላ ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናገኛቸው ትናንሽ ባለ 2 ቴራ ኤክስተርናሎች አብዛኞቹ ኤስኤምአር ናቸው። የኔ ዲስክ ሳጥን ላይ ስለዚህ አንድም ፊደል የለም። ቀለሙ ተጽፏል፣ ዋስትናው ተጽፏል፣ ዩኤስቢ 3.0 በትልቁ ተጽፏል። ገዢው በጣም ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቀርቷል። ይህ ያሳዝነኛል።

በጣም ያስመረረኝ አንድ ማታ ነው። ካሴቶቹን ከቪዲዮዎች ጋር አንድ ላይ እየገለበጥኩ ነበር። ግራፉ እንደልማዱ ወድቋል። መብራት ሄደ። ባትሪው ትንሽ ታገለና ላፕቶፑ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ዲስኩ ላይ ያለው የካሴቶቹ ፎልደር አልከፈት አለ። ልቤ ቀጥ አለ። ዋናው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ስለነበር የጠፋብኝ የለም፤ ግን ፋይሎቹን ይጠብቅልኛል ብዬ የገዛሁት ዕቃ ነው እንዲህ ያስደነገጠኝ። በፍጥነቱ ቢሆን ኖሮ ከመብራቱ ቀድሞ ይጨርስ ነበር።

እዚህ ላይ ለናንተም የሚጠቅም ነገር አለ። ዲስኩ የመጣው ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ተደርጎ ነው። ኤክስፋት ዊንዶውስም ማክም ላይ ስለሚሠራ ለሻጭ ይመቻል። ጆርናል ግን የለውም። ሥራ በመሃል ሲቋረጥ ምን ላይ እንደነበረ የሚያይበት መዝገብ የለውም ማለት ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፎርማት ግን አለው። ስለዚህ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀየርኩት። ፍጥነቱ አልተሻሻለም፤ መብራት ሲሄድ ግን እንደ ድሮው አልደነግጥም። ዊንዶውስ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ዲስኩ አዲስ እያለ ቀይሩት። በኋላ ከሆነ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ፋይሉን ሌላ ቦታ አውጡ።

እንዲህ ብናደድም በአንድ ነገር እከራከርለታለሁ። "ትልቁን ባለ 3.5 ኢንች ብትገዢ ይሻልሽ ነበር" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ፈጣን ሊሆን ይችላል። ግን እሱ የራሱ አዳፕተር ያለው፣ ከግድግዳ ሶኬት 12 ቮልት የሚፈልግ ዲስክ ነው። መብራት በሄደ ቅጽበት ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይ እንኳ እሱ ይጠፋል። የኔው ትንሹ የሚያስፈልገውን ኃይል ከዩኤስቢው ያገኛል። ሌላም አለ፤ ኪስ ይገባል።

ኪስ መግባቱ ደሴ ላይ ትርጉም አለው። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሰው ቤቱን ጥሎ የወጣው በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ነው። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተወስዶ፣ አጠገቡ መሳቢያ ውስጥ የነበረው ባካፕም አብሮ ተወስዶ ያገኘ ሰው አውቃለሁ። የልጆቹ የልደት ፎቶ አንድም አልቀረለትም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቅጂ አንድ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። "ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ አስቀምጪው" ይሉኛል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች የተያዙት በአንድ ሰሞን ነው። ስለዚህ ሩቅ መሆን አለበት። እኔ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ እልካለሁ፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪው የሚሉኝም አይጠፉም። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፤ 25 ካሴት ያህል ብቻ ይይዝልኛል። ያን ሰሞን ደግሞ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረንም።

ስለዚህ ለዚህ ዲስክ ሥራ ቀይሬለታለሁ። በየጊዜው የሚቀየር ፋይል ከእንግዲህ አይሰጠውም። ተገልብጠው ያለቁትን ካሴቶች ጽፌበት አዲስ አበባ ይሄዳል። አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ነገር ኤስኤምአር መሆኑ ብዙ አይጎዳም፤ ማንበብ ላይ እስካሁን አላስቸገረኝም። እስኪሄድ ድረስ እየከፋፈልኩ እሰጠዋለሁ። 20 ወይም 30 ጊጋ ጽፌበት፣ የዲስኩ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክታቆም ሳልነቅለው እተወዋለሁ። ያን ጊዜ ነው የተቀበለውን ወደ ቋሚ ቦታው የሚያዛውረው። እንዲህ ሲያዝ ደህና ነው። ዛሬ ግን ይህን ዲስክ ልግዛ ወይ ብትሉኝ፣ ለየሳምንቱ ባካፕ ከሆነ አትግዙ እላለሁ።

ለየሳምንቱ ሥራ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ዲስክ ልገዛ ነው። ውድ ስለሆነ ባለ 500 ጊጋው ይበቃኛል። እሱም ቢሆን ርካሹ ዓይነት ፈጣን ቦታው ሲሞላ ይወርዳል። ስለዚህ "ኦሪጅናል ነው" በሚል ቃል ብቻ አልከፍልም። ላፕቶፔን ሱቁ ድረስ ይዤ እሄዳለሁ። 100 ጊጋ ልገልብጥበትና ግራፉን አብረን እንይ እላለሁ። እሺ ያለኝን ሻጭ በደስታ እከፍለዋለሁ፤ እምቢ ካለኝ ፒያሳ ላይ ሱቅ ሞልቷል።