ባህላዊ፣ ጨፈቃ ወይስ ዘመናዊ? ቀፎ ከመግዛታችሁ በፊት

አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት አምስት ዘመናዊ ቀፎ ገዙ። "ከአንዱ 20 ኪሎ ማር ይቆረጣል" ተብለው ነበር። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ሁለቱ ባዶ ናቸው። አንደኛው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።

20 ኪሎው ውሸት አይደለም። በደህና አበባ ጊዜ በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል፤ ባህላዊው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው። ችግሩ ሻጩ ሳጥኑን እንጂ ሳጥኑ የሚፈልገውን ሌላ ዕቃ አለመናገሩ ነው።

ከባህላዊው እንጀምር። ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ይሠራል፣ በእበትና በጭቃ ይለሰናል፣ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ግን ውስጡ አይታይም። የማር እንጀራው ከግድግዳው ጋር ስለተጣበቀ ማር ስትቆርጡ እጩንም (ገና ያላደጉትን ንቦች) አብራችሁ ትቆርጣላችሁ። አውራዋም (ንግሥቲቱ ንብ) በዚያ ግርግር ልትሞት ትችላለች። ዛፍ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ደግሞ ማታ በጭስ ታፍኖ ዛፍ መውጣት አለ። ያም ሆኖ አልንቀውም። ሰፈፍ በብዛት የሚገኘው ከእሱ ነው። የጠጅ ቤት ደንበኛ ያለው ሰው ደግሞ ማሩን ከነሰፈፉ ይሸጣል፤ የተጣራ ማር ማንም አይጠይቀውም።

ጨፈቃ ቀፎ የሽግግር፣ ማለትም በባህላዊውና በዘመናዊው መሃል ያሉ፣ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገደማ ኬንያ ውስጥ ከተስፋፋው ቀፎ የመጣ ነው። እኛ ጋ ግን በሰፈር እንጨትና ጭቃ ይሠራል። ጎኖቹ ወደ ታች ይጠባሉ፤ ንቦቹ እንጀራውን ከግድግዳ ጋር እንዳያጣብቁት ይረዳል። ከላይ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ዘንጎች ይደረደራሉ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ለአፍሪካ ንብ የሚስማማው ርቀት ነው። ዘንጉ ከሰፋ ንቦቹ እንጀራውን አጣመው ሁለት ዘንግ ላይ ይሠሩታል። ያኔ የገዛችሁት ባህላዊ ቀፎ ነው በሉት።

የጨፈቃ ጥቅሙ አንድ ዘንግ አንስታችሁ፣ አይታችሁ፣ ማር ያለውን ወስዳችሁ እጩን መመለስ መቻላችሁ ነው። ማሩ በእጅ ይጨመቃል፤ ማሽን አይፈልግም። ጓሮ ውስጥ መደብ ላይ ስለሚቀመጥ ሴቶችም ዛፍ ሳይወጡ ይይዙታል። እንጀራውን ስታነሱ ግን ቀጥ አድርጉት። አዲስ እንጀራ ፀሐይ ላይ ካዘመማችሁት ተቆርጦ ይወድቃል። ምርቱ ከሁለቱ መሃል ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ሳጥን። ላንግስትሮዝ የሚባሉ አሜሪካዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋሉት ነገር ነው መሠረቱ። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት ካገኙ መተላለፊያ አድርገው ይተዉታል። ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል፣ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል። ስለዚህ ዘመናዊ ቀፎ ስትገዙ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። በፍሬሙ (እንጀራው በሚሠራበት ተነቃይ የእንጨት ክፈፍ) እና በግድግዳው መካከል ለኩ። እርጥብ ጣውላ ከሆነ በበጋ ተጣምሞ ይሄ ሁሉ ስሌት ይበላሻል። እኛ አገር የተለመደው ዛንደር የሚባለው የሳጥን ዓይነት ነው፤ የዛንደር ፍሬም ላንግስትሮዝ ሳጥን ውስጥ አይገጥምም። አንድ ዓይነት መርጣችሁ በዚያው ቀጥሉ።

ምርቱ የሚበዛው ባዶው እንጀራ ተመልሶ ስለሚገባ ነው። ንቦች አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት 6 ኪሎና ከዚያ በላይ ማር እንደሚፈጁ ይነገራል፤ ያ ይተርፋል። ለዚህ ግን ማሩን አሽከርክሮ የሚያወጣ በርሜል መሳይ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ የታተመ ሰምም ያስፈልጋል፤ የሻማ ሰም የተቀላቀለበት ከሆነ ንቦቹ አይወዱትም። የአጎቴ ቀፎዎች የከሸፉት እዚህ ላይ ነው። ማጣሪያው ለቀበሌው አንድ ብቻ ነበር። ተራቸው እስኪደርስ ማሩ እዚያው እንጀራው ውስጥ ረጋ። የረጋ ማር ደግሞ ቢያሽከረክሩት አይወጣም።

ውጭ ያሉ ዘመዶች የሚጠይቁኝም አለ፦ ፍሎው ሃይቭ። አውስትራሊያዊ አባትና ልጅ የፈጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በኢንተርኔት መዋጮ ዝነኛ የሆነ ቀፎ ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ማሩ በቧንቧ ይወርዳል። ያምራል። ግን ውድ ነው፣ ቢሰበር መለዋወጫው እዚህ የለም፣ ቶሎ የሚረጋ የደጋ ማርም ያስቸግረዋል። እኔ ገንዘቡን ላኩልኝ እላለሁ።

ለጀማሪ ምርጫዬ ሁለት ጨፈቃ ነው። አንድ ዓመት ንብ መያዝን ተማሩበት። ጠጅ ቤት ቅርብ ከሆነ ባህላዊውን አትጣሉ። ዘመናዊው በእግር በሚደረስ ርቀት ማጣሪያ ላለው ሰው ነው። የትኛውንም ብትገዙ የመደቡን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ፤ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ቀፎ ያስለቅቃል።

አጎቴ ዘንድሮ ከሁለት ጎረቤት ጋር ለማጣሪያ እያዋጡ ነው። ዶሮዋ ግን ቀፎውን እስካሁን አልለቀቀችም።