ርካሽ ገጠር ወይስ ደመወዝ የሚገኝበት ከተማ?

ገጠር ኑሮ ርካሽ ነው ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የቤት ኪራይ ነው። ኪራዩ በግማሽ ቢቀንስም ገቢም በግማሽ ከቀነሰ ከደመወዝ የሚወስደው ድርሻ ያው ነው። ስልክ፣ መድኃኒትና ነዳጅ ደግሞ ገጠር ነው ተብሎ ዋጋቸው አይቀንስም።

ወጪ፦ ገጠር ኪራይ ይቀላል፣ መጓጓዣ ይከብዳል። መኪና ለሌለው ሐኪም ቤት ደርሶ መምጣት ብቻ የቀን ሥራ ያስቀራል። ከተማ ኪራዩ ወገብ ይቆርጣል፤ አውቶቡስ ግን አለ።

ሥራ፦ ከተማ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላ ይንኳኳል። ገጠር ግን ቀጣሪው አንድ ብቻ ከሆነና እሱ ከዘጋ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ባዶ እጁን ይቀራል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ቋሚ ጡረታ ላለው፣ በኢንተርኔት ለሚሠራ ወይም የራሱ ቤት ላለው ገጠር ያዋጣል። ሥራ ለሚፈልግ ወይም ሕክምና ለሚከታተል ከተማ ይሻላል።