ለእናቴ ቁርጥማት መርፌው ይሻላል ወይስ ሦስቱ ኪኒን?

እናቴ ጠዋት ጠዋት ጀበና ማንሳት ያቅታታል። ጣቶቿ እስኪፍታቱ ድረስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራቸዋለች፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። ሐኪሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ብሎናል፤ የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን ጀምራ ሻል ቢላትም ሕመሙ አልለቀቃትም። ይሄኔ ነው አሜሪካ ያለችው እህቴ «ኢታነርሴፕት የሚባል መርፌ አለ፤ ውድ ነው፣ ግን ተጋግዘን እንግዛላት» ያለችው። ውድ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብለን ልንወስን ምንም አልቀረንም ነበር።

ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት የመረመረ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ነው። 353 ታካሚዎች ነበሩ፤ ሁሉም እንደ እናቴ ሜቶትሬክሴት ብቻውን ያልበቃቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሜቶትሬክሴቱ ላይ ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባሉ ኪኒኖች ተጨመሩለት፣ «ሦስቱ ኪኒን» የምለው ይህን ነው፤ ሌላው ደግሞ የኢታነርሴፕት መርፌ። ማን ምን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቁም ነበር። በ24ኛው ሳምንት ለውጥ ያላየ ሰው ወደ ሌላኛው መድኃኒት ይዛወራል። የተዛወሩት ከሁለቱም ቡድን እኩል 27 በመቶ ሆኑ። በ48ኛው ሳምንት ሲለካ ሦስቱ ኪኒን ከመርፌው የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም።

እኔን ያሳመነኝ የተዛወሩት ነገር ነው። ከኪኒን ወደ መርፌ የሄዱትም፣ ከመርፌ ወደ ኪኒን የመጡትም ከዚያ በኋላ ተሻላቸው። ስለዚህ በኪኒን መጀመር የመርፌውን በር አይዘጋም።

ኪኒኑ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ሰልፋሳላዚን ብቻውን በቀን አራት ሊደርስ ይችላል፣ ሆድም ይረብሻል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው አይወስደውም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለዓመታት ሲወሰድ የዓይን ምርመራ ይፈልጋል። ለሜቶትሬክሴት ደግሞ የጉበትና የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል፤ ፎሊክ አሲድም አብሮ ይታዘዛል። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ሜቶትሬክሴትን መውሰድ የለባትም።

መርፌው በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በዚህ በኩል ይቀላል። ችግሩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሻንጣ ውስጥ ከበረዶ ጋር መጥቶ፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ አስቡት። ከዚያ ደግሞ የቲቢ ነገር አለ። መርፌው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት መመርመር ግድ ነው። እኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ሌላው፣ ለሁለት ወር ልኮ ማቋረጥ ዋጋ የለውም፤ ሲቋረጥ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የሚልክ ሰው ለረጅም ጊዜ መቻሉን አስቀድሞ ያስላ።

«ፍሪጅ የማይፈልግ አዲስ ኪኒን አለ» ብሎ ቶፋሲቲኒብን የሚመክርም አለ። ይሠራል። ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ 50 ዓመት በሞላቸውና ለልብ ሕመም ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና ካንሰር እንደ ኢታነርሴፕት ካሉ መርፌዎች ይልቅ በዚህ ኪኒን በዝተው እንደታዩ አሳይቷል። እናቴ ግፊት አለባት፤ ስለዚህ ተውነው።

ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ሦስቱን ኪኒን መረጥን። የእህቴ ገንዘብ ለላቦራቶሪና ለዓይን ምርመራ ይውላል፤ የቀረው ምናልባት መርፌው ካስፈለገ ተብሎ ተቀምጧል። ከስድስት ወር በኋላ ጣቶቿ ካልተፍታቱ፣ የቲቢ ምርመራውን አድርገን ወደ መርፌው እንሻገራለን።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙ። ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በስህተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ። የእናቴ ቀን እሑድ ነው፤ ብልቃጡ ላይ «እሑድ ብቻ» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ።