የእማዬን ቪዲዮ ያተረፈልኝ የፒያሳው ልጅ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ካላችሁ ይሄን አንብቡ። አንድ ልጅ ላመሰግን ነው፤ እግረ መንገዴን ልጠቁማችሁም።

እማዬ ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣች። አስተማሪ ነበረች። ለሽኝቷ የድሮ ተማሪዎቿን የምኞት ቪዲዮ ላኩልኝ አልኳቸው። ጎረፈልኝ! አንዱ በቴሌግራም፣ አንዱ በዋትሳፕ፣ አንዷ ደግሞ ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ አበባ እያዘነበችበት። ሁሉንም ፕሪሚየር የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ጎትቼ ከተትኩና ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሠራሁ።

ዝግጅቱ አራት ቀን ሲቀረው ላፕቶፔ ሞላ። እኔ ጎበዟ የቴሌግራም ማውረጃ ፎልደሩን ጠራርጌ አጠፋሁት። ፕሮጀክቱን ስከፍት ስክሪኑ ቀይ በቀይ። «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል፤ ቪዲዮዎቹን አላገኘኋቸውም ማለቱ ነው። አለቀስኩ፣ ምን ልዋሽ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት «ዊንዶው እንደ አዲስ ይጫን» አሉኝ። ደግነቱ እሺ አላልኩም። ጓደኛዬ ናት ፒያሳ አካባቢ ትንሽዬ ሱቅ ውስጥ ወደሚሠራው ልጅ የላከችኝ።

ኮምፒውተሩን ሳይነካ «እህቴ፣ ቪዲዮዎቹን ከየት ነው የጎተትሻቸው?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ። ለካ ፕሪሚየር ቪዲዮውን ውስጡ አያስቀምጥም፤ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። «ቤቱን አፍርሰሽ በአድራሻው ብትሄጂ ማንን ታገኛለሽ?»

ቴሌግራም የተላከለትን ሰርቨሩ ላይ ስለሚያቆይ ከየቻቱ እንደገና አወረድን። የዋትሳፖቹ ስልኬ ላይ ነበሩ። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ሰበሰበና አንዱን ፋይል ሲያሳየው ብዙዎቹን ፕሪሚየር ራሱ አገኛቸው። ስማቸው የተቀየረውን ግን አንድ በአንድ በእጁ አገናኘ። እዚህ ላይ ነው ትዕግስቱን ያየሁት።

ያልጠየቅኩትንም አየልኝ። አንዳንዶቹ ላይ ድምፁ ከከንፈር ወደኋላ ይቀር ነበር፤ እኔ የኔትወርክ ችግር መስሎኝ። ስልክ ሲቀርጽ በሰከንድ የሚይዘው የምስል ብዛት (ፍሬም) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፕሪሚየር ደግሞ አንዳንዴ እዚያ ላይ ይደናበራል አለኝ። ሀንድብሬክ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሁሉንም እኩል 30 ፍሬም አደረጋቸው። ለዚህ ሳንቲም አልጨመረብኝም።

የደበዘዙትን ደግሞ ላኪዎቹን በ«ፋይል» እንዲልኩ ንገሪያቸው አለኝ። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። ሦስቱ መልሰው ላኩልኝ። አንደኛው ተማሪ ከኋላው ታቦር ተራራ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው!

እማዬ ቪዲዮውን አራት ጊዜ አስደግማ አየችው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፤ «ነገ» ካለ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ያዙት። ሥራው ላይ ግን እንከን አላገኘሁበትም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ሙሉውን ፎልደር ይዛችሁ ሂዱ። ፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ በፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይስቅባችኋል።