ቤሪል በመጣ ጊዜ እናቴን ለያዘችልኝ እህት፦ ምስጋናና ጥቆማ

በሂዩስተንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም የመርሳት በሽታ የያዛቸውን እናት ወይም አባት ቤታችሁ ለምታስታምሙ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? መብራታችሁ ተመልሶ፣ የወደቀው ዛፍ ተነሥቶ፣ ጣሪያችሁም ተጠግኖ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን የምጽፈው ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ በ2016 ዓ.ም. ሂዩስተንን በመታ ጊዜ እናቴን የያዘችልኝን አንዲት አስታማሚ ለማመስገንና ለሌሎች ለመጠቆም ነው። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች «እህታችን» እያልኩ እቀጥላለሁ። በቤተ ክርስቲያን የምታውቋት ሰዎች ብዙም ሳታነቡ ማን እንደሆነች ይገባችኋል።

እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። እኔ አንዳንድ ቀን ልጇ ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ወንድሟ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የቤት ኪራይ ሊጠይቅ የመጣ ሰው። እህቶቼ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሴት አስታማሚ የግድ ያስፈለገንም ለዚህ ነው። በወንድ ልጅ እጅ መታጠብ ለእናቴ ነውር ነው፤ ይህን አልረሳችውም።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ዕቃ ክፍል ነው። በዚህ ከተማ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሆስፒታሎች ሠራተኛውን ለሁለት ይከፍላሉ። አንዱ ቡድን ማዕበሉ እስኪያልፍ እዚያው ያድራል፤ ሌላው መንገድ ሲከፈት ገብቶ ይተካዋል። የእኔ ስም ፊተኛው ቡድን ውስጥ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ይልክልን የነበረው ድርጅት ደግሞ እሑድ ሰኔ 30 ጠዋት «ማንንም መላክ አንችልም» አለን። በማዕበል ሠራተኛን አስገድዶ መላክ አይገባም፤ ያን እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለቀናት ስልክ የሚያነሣ ሰው መጥፋቱ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

እህታችን በግል የምትመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ከቅዳሴ በኋላ የልብስ ቦርሳዋን ይዛ መጣችና «ሂድ ወንድሜ፣ እኔ እዚህ አድራለሁ» አለችኝ። የራሷ ልጆች ከአባታቸው ጋር ቤት ቀርተዋል። በዚያች ሌሊት የእሷ ቤት ጣሪያ እንዳፈሰሰ የሰማሁት ኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው።

ስለ ቤሪል የማታውቁት ጥቂት ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 2 ቀን 2024 ደረጃ አምስት ደርሶ፣ በአትላንቲክ ታሪክ በዓመቱ ውስጥ እንዲህ ቀድሞ እዚያ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው አውሎ ነፋስ ሆነ። ወደ እኛ ሲቃረብ ግን ደረጃ አንድ ብቻ ስለነበር ብዙ ሰው ተዘናጋ። ቁጥሩ የሚለካው የነፋሱን ጉልበት ነው፤ በሐምሌ ሙቀት መብራት ሲጠፋ አንዲት አሮጊት ላይ የሚደርሰውን የሚለካ ቁጥር የለም።

እህታችን እንደገባች በመጀመሪያ ያደረገችው ቴሌቪዥኑን መዝጋት ነው። ቀኑን ሙሉ ያ የሚሽከረከር ካርታ ይታይ ነበርና እናቴ «ይህ የሚዞረው ምንድን ነው? ወደ እኛ ነው የሚመጣው?» እያለች ትጠይቃለች፤ እንመልስላታለን፤ ትደነግጣለች፤ ትረሳለች፤ ደግማ ትጠይቃለች። «ለአንተ ዜና ነው፤ ለእርሳቸው ግን በየአምስት ደቂቃው አዲስ መርዶ ነው» አለችኝ።

ቀጥላ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ነጠላና ጫማውን አነሣች። እናቴ ነጠላዋን በር ላይ ካየች ወደ ኪዳን መሄጃዋ ነው፤ ሌሊትም ይሁን ዝናብም ይሁን ትወጣለች። ነጠላው ከዓይኗ ሲጠፋ የመውጣቱ ሐሳብም አብሮ ይጠፋል። በበሩ እጀታ ላይ ትንሽ ቃጭል አሰረች። መስተዋቶቹን በአንሶላ ሸፈነች፤ በጨለማ የእጅ ባትሪ ሲበራ መስተዋት ውስጥ የምትታየው አሮጊት ለእናቴ እንግዳ ሴት ናትና። ባትሪ የሚበሉትን መብራቶች ገና ቀን ሳለ ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ወለሉ ላይ ደረደረቻቸው። መድኃኒቶቿን፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና የመታወቂያዋን ቅጂ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ ለዚያ ማዕበል ያዘጋጀሁት የታሸገ ውኃና ባትሪ ነበር። እሷ እናቴን አዘጋጀች።

ሰኞ ሐምሌ 1 ቀን ገና ሳይነጋ ማዕበሉ በቴክሳስ ባሕር ዳርቻ፣ ማታጎርዳ በምትባል ከተማ አጠገብ የብስ ረገጠ። ጠዋት ሂዩስተን ደረሰ፤ መብራት ጠፋ። ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ነበሩ። እኔ ሆስፒታል ጀነሬተር ሥር ሆኜ የእርሷን መልእክት እጠብቃለሁ።

ቤት ውስጥ የሆነውን ኋላ ነገረችኝ። ነፋሱ የጎረቤትን አጥር ሲገነጥለው እናቴ ድምፁን በ1970 ቀይ ሽብር ጊዜ የሰማችው ድምፅ አድርጋ ቆጠረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መብራቱን አጥፊው፣ ሰዓት እላፊ ነው፤ ወንድሜ ገብቷል?» ትላለች። ያ ወንድሟ በዚያን ዘመን ወጥቶ የቀረ ነው። ሌላ አስታማሚ ቢሆን «እማማ፣ ይህ አሜሪካ ነው፤ አውሎ ነፋስ ነው» ብሎ ይከራከር ነበር። ልቡ የራራ ደግሞ «አዎ፣ ገብቷል» ብሎ ይዋሽ ነበር። እህታችን ሁለቱንም አላደረገችም። መብራቱን ቀነሰች፤ አጠገቧ ተቀመጠችና «በሩን ቆልፌአለሁ እማማ፤ እኔ እዚህ ነኝ፤ ማንም አይገባም» አለቻት። ሦስቱም እውነት ነው። ከዚያ ስለ ወንድሟ እንድታወራላት ጠየቀቻት፤ ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ እናቴ ስለ እርሱ እግር ኳስ ስታወራ ነበር።

እጅዋ ሥራ እንዲይዝም ሰፌድ ላይ ምስር አቀረበችላት። እዚህ የምንገዛው ምስር የጸዳ ነው፤ የሚለቀም ነገር የለውም። እህታችን ከቤቷ አንድ እፍኝ ስንዴ ይዛ መጥታ ቀላቅላበት ነበር። እናቴ ስንዴውን አንድ በአንድ እያወጣች ባለሱቁን ስትራገም አረፈደች። ይህ በየትኛውም የሥልጠና ወረቀት ላይ ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉም የከበደው ጾሙ ነበር። ጊዜው የሐዋርያት ጾም ነው፤ እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀናት ቀርተውታል። የበላችውን ምሳ የምትረሳው እናቴ ጾሙን አልረሳችም። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ ወደ አፏ አታስጠጋም። የአየር ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ቤት ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ግን ፀሐዩ ወጣ፤ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይሰማ ነበር፤ ሽማግሌ ሰው ደግሞ ጥሙ እንደ ወጣት አይሰማውም።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ወደ ፊት ማዞር ቀላሉ መንገድ ነበር። እህታችን «በጾማቸው አላታልላቸውም» አለች። ኔትወርኩ ብቅ ባለ ጊዜ ለእናቴ የንስሐ አባት ደወለችና የድምፅ መልእክት በዋትስአፕ እንዲልኩላት ለመነቻቸው። እርሳቸውም ላኩ፦ «ልጄ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። የደከመ ሰው ጾም የለበትም፤ ፈቅጄልሻለሁ፤ ውኃውን ጠጪ።» እናቴ የአባን ድምፅ ስትሰማ አማተበች፤ ጠጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፈቃዱን ረሳችው። እህታችን መልእክቱን ደግማ ከፈተችው። እንዲህ እየሆነ በቀን ብዙ ጊዜ አባ ይናገራሉ፣ እናቴ ታማትባለች፣ ትጠጣለች። እኛ የስልኩን ባትሪ በመኪና እየሞላን ለዚያ መልእክት አስቀመጥነው። አባታችን ሆይ፣ ይህን ካነበቡ፣ የዚያን ሳምንት ድምፅዎ እናቴን ከሆስፒታል አድኗታል።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሥራ በፈታበት ጊዜ የበላነው በአብዛኛው በሶ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ጾም ነው፣ ቀጠን ብሎ ሲበጠበጥ ደግሞ ውኃ ማጠጫ ነው። እናቴ ቡና ስትጠይቅ እህታችን ከሰሉን ያያያዘችው ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ራቅ አድርጋ ነው። ይህን አስምሩበት። በዚያን ሳምንት በጀነሬተር ጭስ የተመረዙ ብዙ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከሰልም አለው። ጀነሬተር ከቤቱ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ፤ ከሰል ቤት ውስጥ አይግባ። የሆንዱራሱ ጎረቤታችን ከራሱ ጀነሬተር ገመድ ስቦ ለእናቴ የአየር ማራገቢያ አስበርቶልናል፤ አማርኛ ባያነብም ምስጋናዬ እዚህ ይመዝገብ።

እኔ ከሆስፒታል ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ፈዘዘች። ራሷን ማንሣት አቃታት፤ የምታውቃቸውን ጸሎቶች እንኳ መጀመር ተሳናት። «በሽታው ጠናባት» ልል ስል እህታችን ቀደመችኝ፦ «የመርሳት በሽታ በአንድ ከሰዓት አይጠናም። በድንገት የተለወጠ ሰው ውኃ አንሶታል ወይም ሌላ ሕመም አለበት።» ከንፈሯንና የሽንቷን ቀለም አየች፤ ነርስ ወዳለበት የስልክ መስመር ደወለች፤ ነርሷም በፍጥነት ወደ ቀዝቃዛ ቦታ እንድንወስዳት፣ ካልነቃች ግን ወደ 911 እንድንደውል ነገረችን።

ቀዝቃዛ ቦታ የት አለ? መብራት የጠፋበትን ሰፈር የሚያሳየው የመብራት ኩባንያው ካርታ አይሠራም ነበር። የዚያን ሳምንት የሂዩስተን ሰው መብራት ያለበትን ሰፈር ይፈልግ የነበረው በዋታበርገር መተግበሪያ ላይ ነው፤ ሃምበርገር ቤቱ ክፍት ከሆነ እዚያ አካባቢ መብራት አለ ማለት ነው። (በዓለም የነዳጅና የጋዝ ዋና ከተማ ውስጥ እንኖራለን።) ክፍት ሆኖ ባገኘነው ሰፈር የማኅበራችን ቤተሰብ አለ፤ ደወልን፤ በራቸውን ከፈቱልን። እነሱንም አመሰግናለሁ። እህታችን እናቴን መኪና ውስጥ ከእኔ ጋር ትታ ቀድማ ገባች። ከቤት ያመጣችውን ትራስ፣ ብርድ ልብስና የእመቤታችንን ሥዕል እናቴ በለመደችው አቀማመጥ አስተካከለች። እናቴ ስትገባ ሥዕሉን ሳመችና ተኛች። ማታ ነቅታ ከእኔ የቤት ኪራይ ስትደብቅ ደህና መሆኗን አወቅሁ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሥራ «ደግ ናት፣ ጽድቅ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ደግ መሆኗን አልክድም። ነገር ግን ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ሙያ ነው። ደግ ሰው ሆኖ ነጠላውን በር ላይ የሚተው፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የሚያድር ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰው ስትቀጥሩ የባለሙያ ዋጋ ክፈሉ፤ «የአገር ልጅ ነሽ» ብላችሁ አታስቀንሱ። እሷ መጀመሪያ ቤታችን ስትመጣ ስለ ደመወዝ ከማንሣቷ በፊት የጠየቀችኝ እናቴ በስንት ሰዓት እንደምትረበሽ፣ ምን ትሠራ እንደነበረ፣ ማንን እንደምትፈራና የትኛውን ታቦት እንደምትዘክር ነው። ልትቀጥሩት ያሰባችሁት ሰው እንዲህ ያሉትን ካልጠየቀ፣ ለምን እንደማይጠይቅ እናንተ ጠይቁት።

ከእርሷ የተማርኳቸውን ሁለት ነገሮች ልጨምር፤ የማዕበሉ ወቅት በየዓመቱ እስከ ፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻ ይዘልቃልና። 2-1-1 ደውላችሁ ወላጃችሁን በቴክሳስ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መዝገብ አስመዝግቡ። በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ እርዳታ እንደሚመጣ ዋስትና ባይሆንም የአካባቢው አስተዳደር እዚያ ቤት ማን እንዳለ ያውቃል። ሌላው የአልዛይመር ማኅበር የስልክ መስመር ነው፤ 1-800-272-3900፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያቀርባል። ሜዲኬይድ ያላቸው ወላጆች ደግሞ የቤት ውስጥ አስታማሚ ሰዓት ሊፈቀድላቸው ስለሚችል ጠይቁ።

እህታችን አሁን በሳምንቱ መካከል ጥቂት ጠዋቶች ክፍት አላት። በደቡብ ምዕራብ ሂዩስተንና በአሊፍ በኩል ብትሆኑ ይመቻታል። መርፌ አትወጋም፤ ፈቃዱ የላትም። ማታ በፈጣን መንገድ አትነዳም። ለሴት ታማሚዎች ቅድሚያ ትሰጣለች፤ አባት የምታስታምሙም ጠይቋት፣ ገላ ማጠቡን ሌላ ሰው ከያዘው ትመጣለች። ስልኳን በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ እሰጣለሁ፤ ስትጽፉልኝ የወላጃችሁን ሁኔታና የምትፈልጉትን ሰዓት ጨምሩበት። ቅዳሜና እሑድ ግን አትጠይቁ፤ እነሱ የእናቴ ናቸው።