ኤንዲሲ፦ ለቻፕተር 13 መጨረሻ የትረስቲ ጥያቄዎች ምን ያህል ይጠቅማል?

አሜሪካ ውስጥ ቻፕተር 13 (ዕዳን በፍርድ ቤት በጸደቀ ፕላን በየወሩ እየከፈሉ የሚጨርሱበት የኪሳራ ሕግ) የገባ ሰው ከትረስቲው፣ ማለትም ክፍያውን ተቀብሎ ለአበዳሪዎች ከሚያከፋፍለው ሰው፣ ቢሮ የሚደርሰው ጥያቄ ወደ ማለቂያው ላይ ይጠናበታል፤ «የዓመቱ ታክስ ሪተርን አልደረሰንም»፣ «ይህ ገንዘብ ከየት ገባ?»፣ «ፕላኑ በ60 ወር አያልቅም»። መልስ ለማዘጋጀት ናሽናል ዳታ ሴንተር፣ በአጭሩ ኤንዲሲ የሚባለው ድረ ገጽ ጥሩ መነሻ ነው። ለባለዕዳው በነጻ ነው፤ የብዙ ትረስቲዎችንም መዝገብ ይዟል። ከሃምሳኛው ወር ጀምሮ ብትከታተሉት ይሻላል። የፕላን ማሻሻያ የሚጠየቀው ክፍያው ሳያልቅ ነው፤ የተሻሻለውም ከአምስት ዓመት አያልፍም። ጉድለቱ ስልሳኛው ወር ላይ ቢገኝ መላው ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት የክሌሞቹን፣ ማለትም አበዳሪዎች ያቀረቡትን የክፍያ ጥያቄ፣ ዝርዝር ተመልከቱ። እያንዳንዱ አበዳሪ ስንት እንደጠየቀ፣ ስንት እንደተከፈለውና ስንት እንደቀረው ይታያል። ክፍያ የቆመበት አበዳሪ ካለ ጠይቁ፤ ዕዳው ለሌላ ድርጅት ተሸጦ ወይም ቼኩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ሞርጌጁ በትረስቲው በኩል የሚከፈል ከሆነ ደግሞ የወሩ ክፍያ ምን ያህል እንደተለወጠ ልብ በሉ። የቤት ታክስና ኢንሹራንስ ሲወደድ ኤስክሮው (ለእነዚህ ከሞርጌጁ ጋር አብሮ የሚከፈለው ገንዘብ) ይጨምራል፤ እናንተ የምትልኩት ካልተስተካከለ ልዩነቱ ይጠራቀማል። በወር 80 ዶላር ቢጎድል በሁለት ዓመት 1,920 ዶላር ነው። «ፕላኑ አያልቅም» የሚለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ድረ ገጹ ላይ የምታዩትን ቀሪ ግን እንደ መዝጊያ ሂሳብ አትቁጠሩት። ለአበዳሪዎች 1,800 ዶላር ቀርቷል፣ የትረስቲው ድርሻ ደግሞ 10 በመቶ ነው እንበል (በሕግ ከዚህ አይበልጥም)። 1,800 ላይ 180 ደምሮ 1,980 የሚልክ ሰው አይጨርስም። ድርሻው የሚቆረጠው ከሚገባው ገንዘብ ላይ ስለሆነ 198 ተነሥቶ 1,782 ብቻ ይደርሳል፤ መላክ ያለበት 2,000 ነው። ወለድና ያልተከፈለ የጠበቃ ሂሳብም ሊኖር ስለሚችል የመዝጊያውን ቁጥር በጠበቃችሁ በኩል ከትረስቲው ቢሮ በጽሑፍ ውሰዱ።

ኤንዲሲ ምንም የማይረዳበት ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ገባ?» የሚለው ነው፤ እኛ ሐበሾች ደግሞ ዕቁብ አለን። በአንድ ቀን 12,000 ዶላር ስቴትመንት ላይ ሲታይ ለትረስቲው ያልተነገረ ገቢ ይመስላል። የሚያሳምነው ወረቀት ነው፤ የአባላቱ ዝርዝር፣ የወሩ መዋጮና የተራው ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ተጽፎ የዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የፈረሙበት አንድ ገጽ፣ ከእሱ ጋር እያንዳንዱ 1,000 ዶላር ከሂሳባችሁ የወጣበት መስመር የተቀለመበት ስቴትመንት። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ ከኖረ ማስረጃው ይሳሳል፤ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) መክፈል ይሻላል። አንድ ነገር በደንብ ይታሰብበት፦ ተራው በአራተኛው ወር የደረሰው ሰው የስምንት ወር ዕዳ ይቀርበታል። ፕላኑ ሳያልቅ ያለ ፈቃድ መበደር በብዙ ቦታ ስለሚከለከል፣ ዕቁቡን ከመቀበሉ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ።

ውርስም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ያለ ቤት ባሕር ማዶ ስለሆነ አይቆጠርም ማለት ስሕተት ነው፤ ሕጉ ንብረቱ የትም ይሁን ይቆጠራል ይላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚገኙበት አራተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደወሰነው፣ ኬሱ ሳይዘጋ የመጣ ውርስ ኬሱ ከተከፈተ 180 ቀን ቢያልፍም በኬሱ በሚቆጠረው ንብረት ውስጥ ይገባል።

የድረ ገጹ ትልቁ ጉድለት ቁጥር እንጂ ቀጠሮ አለማሳየቱ ነው። ትረስቲው ኬሱ ይሰረዝ ብሎ ቢያመለክት መልስ የምትሰጡበት ቀን የሚነገራችሁ በደብዳቤው ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ቤት የቀየረ ሰው አድራሻውን ለትረስቲው ብቻ ነግሮ አይተው፤ የፍርድ ቤቱም መዝገብ ላይ ይለወጥ። የገንዘብ አያያዝ ኮርሱንም ገጹ አያስታውሳችሁም። ኬሱ ከመከፈቱ በፊት የተወሰደው የምክር ሰርተፍኬት ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ፍርድ ቤት ካልገባ ሁሉን ከፍሎም ዲስቻርጅ (የቀረውን ዕዳ የሚሰርዘው የፍርድ ቤት ትእዛዝ) ሳይሰጥ ኬሱ ሊዘጋ ይችላል። ልጅ ማሳደጊያ ወይም ለቀድሞ ትዳር ተቆራጭ ያለበት እስካሁን የሚጠበቅበትን መክፈሉን በፊርማው ያረጋግጣል።

ክፍያው ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ በራሱ አያቆምም፤ የማቆሚያው ትእዛዝ ፔይሮል ክፍል መድረሱን ደውሉና አረጋግጡ። በትርፍ የተቆረጠ ካለ ትረስቲው ይመልሳል፤ የገባችውን እያንዳንዷን ክፍያ ከነቀኗ ኤንዲሲ ላይ ስለምታገኟት ያን ገጽ አትማችሁ ያዙ።